ባና የለበሰ ብልቃጥ

ጥቅምት፣ መሐል ሜዳ፤ ውርጩ ሣሩን ይዞ፣
የጤና ጣቢያው በር እጀታው ደንዝዞ፣
የክትባት ሳጥኑን ጠቅልዬ በባና፣
እንደ አራስ አቅፌ፣ ሳይነጋጋ ገና፣
ስገባ
ይፍቱሥራ ሣቀ፦ «ብልቃጥ ባና ለብሶ!»
«ሣቅ» አልኩት፤ «ሸዋ ሮቢትማ በረዶ አንተርሶ
ያኖረዋል ሰዉ፤ መንዝ ግን ሌላ ነው ጉዱ፣
ከረጋ አለቀለት፣ ጠላቱ ነው ብርዱ።»

መመሪያው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ቆየ፦
«የኢንፍሉዌንዛ ክትባት፤ ቅድሚያ ለባለሙያ።»
ስንታችን አለፍነው ዓይናችን እያየ።
«ጉንፋን ምን አባቱ፣ ፌጦና ሽንኩርቱ እያሉ»
እል ነበር፣ እየሳልኩ ከአልጋ ወደ አልጋ ስል።
አምና፣ አራተኛው አልጋ፣ እግራቸው ሊድን ሲል፣
በቅሎ የጣለቻቸው አቶ ደምሰው ሸዋዬ
በሳንባ ሄዱብን።

ከኔ ነው? አላውቅም።
ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ባለቤታቸው ግን፣ ልብሳቸውን ሊወስዱ
የመጡ ዕለት፣ ከደጅ ተመልሰው፣ ሳይሄዱ፣
አንድ ጠርሙስ ማር፣ በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው፣
ሰጡኝ፤
«ለሳልሽ» ብለው።
አልከፈትኩትም። ዛሬም መስኮቱ ላይ ነው፤
ማሩ ረግቷል፣
ነጥቷል።

«በል ውጋኝ» አልኩት ዛሬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፤
«ቀጥሎ ያንተ ተራ፣ እንዳትርቅ ከአጠገቤ።»
ሣቁ ጠፋ። ላብራቶሪ የሚውል፣
ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ሲቀዳ የሚውል ጎልማሳ፣
መርፌ ይፈራል ለካ።
የባናውን ጫፍ ትከሻው ላይ ጣልኩለት፣
ክንዱን እስኪዘረጋ።