የቃል ፈተና

ግንቦት ነው። ቂርያት ያም። የባሕሩ ንፋስ
ጨው እያመላለሰ የአጥር ሽቦ ሲልስ፣
እኔ በር ላይ ቆሜ ቦርሳ ስዳብስ፤
የውሃ ኮዳ፣ ብስኩት፣ የተጨማደደ ወረቀት፤
ከኔ የሚጠበቅ ፍተሻ ነው እንጂ አይደለም እውቀት።

ዛሬ የሩስኛ የቃል ፈተና ነው።
ፈታኟ ከሃይፋ መጣች፣ ገና ደወል ሳይደወል፤
ራይሳ ሞይሴዬቭና። ቀይ እስክሪብቶዋን ጸጉሯ ላይ ሰክታ
«መታወቂያ» ስላት፣ በዕብራይስጥ ሰላምታ
ወርውራልኝ ገባች፤
ማን እንደፈተሻት በምን ታውቃለች?

አምስት ክረምት ሙሉ ቮሮኔዥ ላይ በረዶ ረግጬ፣
መስኖ ተምሬ፣ በነሱ ቋንቋ ተጣልቼ፣ ታርቄ፣ አላግጬ፣
ዲፕሎማዬን ከሻንጣ ግርጌ በላስቲክ ጠቅልዬ
ይኸው ወንበር ደርሶኛል፣ ዘበኛው ተብዬ።

መስኮቱ ክፍት ነው፤ ድምፁ ወደኔ ይፈሳል።
ፊተኛው ልጅ ገባ፤ ኤድዋርድ ይባላል።
«ሾርባው ቀዘቀዘ»፣ «ጫማህን አውልቅ»፣ «ስልኩን ዝጋ» ያውቃል፤
«ወደፊት ምን ታስባለህ?» ስትለው ግን ያልበዋል።
ሩስኛው ከማድ ቤት ደጃፍ ወጥቶ አያውቅም፤
እንደ ነጠፈ ቦይ አንድ ጠብታ አይወርድም።

ስቴላ ተከተለች። አፏ እንደ ወንዝ ነው፤
«አንብቢ» ስትባል ግን ፊደሉ ግድግዳ ነው፤
አያቷ ስትጽፍላት እናቷ ናት የምታነበው።

ራይሳ ትጽፋለች። ሰንጠረዥ ይዛለች፤
ለሰዋስው ሃያ፣ ለቃላት ሃያ፣ ለለዛ ዐሥር ትሰጣለች፤
ለዝምታ ግን
አንድም ሳጥን የላትም።

ከዚያ ስም ተጠራ፦ «ሊራዝ ደሴ!»
ቀጥ አለች ነፍሴ።
የኛው ልጅ! የቋራ ሰው የልጅ ልጅ!
ምን ልትል ነው? አልሁ ለራሴ።

እናቷ አረጋውያን ስትጠብቅ ሌሊቱን፣
ሦስተኛ ፎቅ ያለች ፋይና፣ ባሏ የሞተባት፣ አሳደገች ልጅቱን፤
ካሻ እያበላች፣ ካልሲ እያስጠገነች፣
የኦዴሳን ወሬ እየመላለሰች።
ይኸው በዐሥራ ሰባት ዓመት አፍ ሰባ ዓመት ያወራል፤
«ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴ ይነግረኛል»
ስትል ራይሳ ሳቀች፤
ሳቋን ቶሎ ዋጠች።

ኋላ ግን አንዲት ቃል ላይ ተሰናከለች።
ዛሞክ። ግንብ ልትል ጓጉንቸር አለች።
ቀዩ እስክሪብቶ ከጸጉር ወረደ፤
ልቤም አብሮት ወረደ።

ስትወጣ «እንዴት ነበር፣ ልጄ?» ብዬ ጠየቅኋት።
አንገቷን ደፋች፤ አማርኛው ጉሮሮዋ ላይ ቀረባት።
መስማቱን ትሰማለች፤ መመለሱ ላይ ግን
ኤድዋርድን አየሁት በፊቷ።

እኔም ሠላሳ ስድስት ዓመት የዛገ ምላሴን
አላወስሁና፣ በሩስኛ አልኋት፦
«አይክፋሽ። ጓጉንቸር የሌለው ግንብ የት ታየ?»
ቦርሳዋ ወደቀ።
«የት ደብቀውት ኖረዋል?» አለች፣
በፋይና ድምፅ፣ አንቱ ብላ።

የበሩን ጓጉንቸር አንሥቼ አሳየኋት፦
«ዛ ላይ ብትጫኚ ግንብ፣ ሞ ላይ ብትጫኚ ይኸ ነው።
እንዲህ ያለው በኛም ቋንቋ አለ።
ራሱ ‹አለ› አለልሽ፤
ብታላዪው፣ ሰው ተናገረ፤
ብታጠብቂው፣ ሰው ኖረ።
ወረቀት ላይ አንድ ናቸው፤
ዐይን አይለያቸው።»

ሞከረች። አጠበቀች፣ አላላች፣ ተደናገረች፣ ሳቀች።
ራይሳ ፖስታዋን አሽጋ ከኋላችን ቆማ ኖሯል ለካ፤
እስክሪብቶዋን ነካ ነካ
አደረገች፤ አልጻፈችበትም።
በሩን ከፈትሁላት።
«ስፓሲባ» አለችኝ፣ ዕብራይስጡን ትታ።

ሊራዝ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ደርሳለች፤
ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አለ፣ አለ ትላለች።
ሩቅ ነው፤ ንፋስም አለ፤
የትኛውን እንዳላላች፣ የትኛውን እንዳጠበቀች
አልሰማሁም።
የሚቀጥለውን ቦርሳ ከፈትሁ።