ጀሶ በማንኪያ

ማታ የዘፈዘፍኩት አኩሪ አተር፣ ሌሊቱን ውሃውን ጠጥቶ፣
ባልዲው አልበቃ ብሎት፣ ክዳኑን በአናቱ ገፍቶ፣
ከእኔ ቀድሞ ነቅቶ፣
ጠበቀኝ።
ገና አስር ሰዓት ነው፤ ኮምቦልቻ በጨለማ፣
ከቦርከና ማዶ የአንድ መኪና ድምፅ ብቻ ሲሰማ፣
ሼን የካምፑ ኩሽና በር ላይ ቆሟል፣ በነጠላ ጫማ።
«ሉቅያ!» ይለኛል። ስሜ ሩቅያ ነው። «ረ» ምላሱ ላይ አትቆምም፤
አርሜው አርሜው ሰልችቶኛል፣ እሱ ግን አይሰለችም።

እሱ ወፍጮውን ያዞራል፣ እኔ በጭልፋ እየጨመርኩ፣
ነጭ ወተት ሲንጠባጠብ፣ ላሟ የት አለች እያልኩ፤
ጡት የለው፣ ጥጃ የለው፣ አላቢም አልቀረበው፣
ከድንጋይ ጥርስ መካከል ነው የሚታለበው።
ድስቱ ሞቆ አረፋው ተነሥቶ ሊገነፍል ሲል፣
«ቀስ! ቀስ!» ይላል፤ ከአማርኛ መጀመሪያ የለመደው ቃል።
በሻሼ አጠለልነው። ወተቱ ወረደ፤
አሰሩ ለጎረቤቴ ለሙሄ ፍየሎች በከረጢት ሄደ።

ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው።
ከመደርደሪያው ነጭ ዱቄት አውርዶ፣ በማንኪያ ለክቶ፣
በጥቂት ውሃ በጥብጦ፣ ወደ ድስቱ አስጠግቶ...
«ምንድን ነው?» አልኩት። ስልኩ ላይ ጻፈ፤ ስልኩ አነበበልኝ፣
በሴት ድምፅ፣ ያለ ሐፍረት፦ «ጀሶ» አለኝ።
ጀሶ!
እጁን ያዝኩት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የግድግዳ ነው!
ያቺ እንጀራ ሻጭ ከጤፉ ጋር ደባልቃ የተያዘችው፣
ሰፈሩን ሆዱን አስይዛ ያስለቀሰችው፣
በዚሁ ነው!»
ወርቅ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ፣
የሚበላም አለ፣ የሚለሰንም አለ ብሎ በስልኩ አስታወቀ።
ድስቱን ከደነው። «አትንኪ» አለ። ተቀመጥን።
ሩብ ሰዓት ያህል እሱም ዝም፣ እኔም ዝም፤ እንደ አራስ ጠበቅን።

ሲከፈት፣
ወተት አይደለም፣ እርጎ አይደለም፣ አይብም አይደለ፤
ድስቱን በጣቱ ነካ ሲያደርገው፣ እንቅጥቅጥ አለ፣
እንደ ጨቅላ ልጅ እርግብግቢት፣
ከሥሯ ልብ እንደሚመታባት።
መጀመሪያ ራሱ ጎረሰ፣ እንዳልፈራ ብሎ፤
ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ፣ ስኳርና ዝንጅብል አክሎ።
ሳላኝከው ምላሴ ላይ ተኛ፤ ሳልሰናበተው ወረደ።
ጣዕሙን ንገሪን ብትሉኝ፣ ከምንም ትንሽ ፈቀቅ ያለ፣
«ድገመኝ» የሚያሰኝ ምንም አለ።

ጠዋት የመንገድ ሠራተኞቹ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ሲሰለፉ፣
የሰሜኖቹ ጨውና ሽንኩርት፣ የደቡቦቹ ስኳር እያሉ ሲለፍፉ፣
እኔ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። ሁለቱም ወገን አፈጠጠብኝ፤
ሼን ቀመሰና ሚጥሚጣውን ቀማኝ።
«እናቴ» አለ ስልኩ፣ «ሁለት ገንቦ በትከሻዋ ተሸክማ፣
ሰፈር ለሰፈር ትዞር ነበር፣ ተማሪ ሳይወጣ ቀድማ፤
የሀብታም ምግብ አይደለም። የሳንቲም ነው።
ሰው ሲታመም፣ ጥርሱ ሲያልቅ፣ ሲቸኩል የሚበላው።»
«ሽሮ በለኛ!» አልኩት።
ስልኩ ሽሮን አላወቀው።

መንገዱ አለቀ። ካምፑ ተነቀለ።
ወፍጮውን ትቶልኝ፣ ከጀሶውም የተረፈች አንድ ፌስታል፣
«ሉቅያ፣ ቀስ» ብሎኝ ሄደ። አገሩ ገብቷል ይባላል።

አሁን በፋብሪካው በር፣ ፈረቃ ሲለወጥ እሸጣለሁ፤
የሚጾሙት ልጆች «የጾም እርጎ» ይሉታል፤ በረመዳን ደግሞ ለሱሁር አስቀምጣለሁ።
ጀሶው ካለቀ ወዲያ በሎሚ ነው፤ ሎሚ ደግሞ ቁጡ ነው፣
ሲበዛ ይቆራርጠዋል፣ ሲያንስ ውሃ ነው የሚቀረው።

ዛሬ ማለዳ ሼን ደወለ፤ ፊቱ ስልኩን ሞላው።
«ይንቀጠቀጣል?» አለ። ይህን ቃል ያስተማርኩት እኔ ነኝ።
«ሉቅያ፣ በይ አሳዪኝ።»
ድስቱን ነካ አደረግኩት።
አልተንቀጠቀጠም። ለሁለት ተሰነጠቀ፤
ከማዶ ያ ወርቅ ጥርስ ሳቀ።
የተሰነጠቀውን ለሙሄ ልጆች በሚጥሚጣ አቀረብኩ፤
ሳህኑን ላሱት። እኔ የሎሚውን ፍሬ ቆጠርኩ።