የፈረሱ ስም

አዌቱ ድልድይ አጠገብ፣ ከቆርቆሮ ክዳን ሥር፣
ሦስት ክረምት አለፈኝ ከአንድ መጽሐፍ ጋር ስማከር።
በተማሪነቴ ዘመን ፖላንድ የገዛሁት ነበር፤
ሽፋኑን ብል ቀምሶታል፣
ሲከፈት ግን ዛሬም ይሸታል፦ በረዶ፣ የጥድ ዱር።
በውስጡ ብረት ለባሾች አሉ፣ ከራስ ቁር እስከ ተረከዝ፣
ሲራመዱ የሚንኳኩ እንደ ጭነት ድስት፣ እንደ ጓዝ።

እነሱን የምጠራበት ስም አጣሁ።
«ፈረሰኛ» ብዬ ጻፍኩ፤ ደራሽ ውሃ መሰለኝ፣ ሰረዝኩት።
«ባላባት» አልኩ፤ የርስት ክርክር ሸተተኝ፣ ተውኩት።
«ጨዋ» የሚል አገኘሁ፣ ካረጀ መዝገበ ቃላት፦
ጥንት የንጉሥ ጦር፣ ዛሬ አንገቱን የሚደፋ ሰው፣
ደግሞም ፊደል ያልቆጠረ።
ሦስቱንም ናቸው፣ ብዬ ሳቅሁ።
ቃሉን አጸደቅሁ፤ መሸ።

ጎረቤቴ ኸሊል አባ ቦራ ማታ ማታ ይመጣሉ።
አያታቸው በፈረሳቸው ስም የተጠሩ፣
እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን
የጭነት መኪና ጎማ ሲለጥፉ የኖሩ።
የዝንጅብል ሻይ ይዘው፣ ሦስት እግር በርጩማ ላይ፣
ዓይናቸው ሞራ ለብሶ በጆሯቸው ያዩልኛል።

አንድ ማታ ትልቁ ጦርነት ጋ ደረስን።
ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፣
ማን እንደወጋ፣ ማን እንደወደቀ፣
የማን ዓርማ ጭቃ ላይ እንደተረገጠ።
ወጣቱ ጨዋ ፈረሱ ተመታበት።
ተንበረከከ፤ የብረት ጓንቱን አውልቆ
አፍንጫውን ዳሰሰ፣ ትንፋሽ ፈለገ።
ከዚያ አንዲት መስመር፦
«ከፈረሱ ተለየ፣ በእግሩም ሄደ።»

«ማን አሸነፈ?» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።
«ፈረሱ ማን ይባላል?» አሉኝ።

ገለበጥኩ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት።
የሰይፉ ስም አለ። የውሻው አለ።
የጠላት አለቃ የቀለበቱ ፈርጥ ሳይቀር ተቆጥሯል።
ፈረሱ ግን ፈረስ ብቻ ነው።
«ታዲያ ሰውዬው በማን ሊጠራ ነው?»
ብለው በርጩማውን ገፉ፤
ሻዩን ሳይጨርሱ ወጡ። ዝናቡ ውስጥ
የእጅ ባትሪያቸው ወደ ሂርማታ ሲርቅ አየሁ።

ሦስት ቀን አልመጡም።
በአራተኛው ሌሊት፣ መብራት ሄዶ፣
በእርሳስ፣ እንደሚሰርቅ ሰው ትንፋሼን ውጬ፣
ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ
በፖላንድኛ የሌለች አንዲት ቃል ተከልኩ፦
«ከቦራ ተለየ፣ በእግሩም ሄደ።»
ደራሲው በወዲያኛው ዓለም ቢከሰኝ
የምጠራው ምስክር የለኝም፣
ከአንድ ዓይነ ስውር ጎማ ለጣፊ በቀር።

ማለዳ በራቸውን አንኳኳሁ፤ ቆሜ አነበብኩላቸው።
ዝም አሉ። የጅሬን ጉም በአጥሩ ላይ ወርዷል።
«ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው?»
«ነበረው» አልኩ።
ወንበር አልሰጡኝም። መዳፋቸውን ብቻ
ወደ መጽሐፉ ዘረጉ፣ አፍንጫ እንደሚዳስስ።
«ቀጥል እንጂ፣» አሉ፣
«ሰውዬው በእግሩ ነው፤ ይመሽበታል።»