ከአያት የመጡ ቱሪስቶች

«ከየት ነው የመጣችሁ?» አለ የሆቴሉ ልጅ፣
እኛ አንድ ሻንጣ ለሁለት ይዘን እንደቆምን ከደጅ።
«ከአያት» አለው ደምመላሽ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
ልጁም ጻፈው፣ ሳቁን በመዝገቡ ሸሽጎ፦
አቶ፣ ወይዘሮ። አያት ኮንዶሚኒየም። አንድ ሌሊት።
እኔ ግን ሌላ አድራሻ ነበረኝ፦ አሥራ አራት ዓመት፣
ሁለት ልጅ፣ የባንክ ዕዳ፣ የታክሲ ሰልፍ በጠዋት፤
ከዚያ ነው የመጣነው፣ ወንድሜ። ሩቅ አገር ብለህ ጻፍበት።

ልጆቹን ለእህቴ ጥለን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣
ስልክ ልንዘጋ ተማምለን፣ አንዱ አንዱን ሳያይ
እሱም አልዘጋ፣ እኔም አልዘጋሁ፤
ድምፁን አጥፍቼ ከደረቴ ወሸቅሁ።
ውላችን አጭር ነበር፦ እሱ አንድ ቦታ ሊያሳየኝ፣
እኔም አንድ፤ ያኔ፣ ይሄ ሰውዬ ሳያገኘኝ
ብቻዬን የዋልኩበት።

የኔው ፖስታ ቤት ነበር። ከሣጥኖቹ ግድግዳ ፊት ቆሜ፣
የአባዬን ቁልፍ ይዤ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ በዩኒፎርሜ፣
አንዷን እከፍት ነበር። ባዶም ብትሆን፣ ክንዴን ሰድጄ ውስጧን ስደባብሰው፣
ከዚህ ሁሉ ከተማ የኔ የምለው
በር እሷ ነበረች።
ደምመላሽ ሰማኝና ሄዶ ፖስትካርድ ገዛ፣
ቀለሙ የለቀቀ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የወዛ፤
ለራሳችን ልንጽፍ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ቁጥር።
እስክሪብቶው ከእጁ ቆመ። ስንት ዓመት የምንነጋገር፣
ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣
ስለ ጫማ መግዣ፣ ስለ ቆጣሪ መሙያ፤
ሰላም የሚል አንድ ቃል አጣንላቸው።
ከብዙ ማሰብ በኋላ እንዲህ ሲል ጻፈላቸው፦
«እኛ እዚህ ደኅና ነን። እናንተስ?»

ሽቅብ፣ በቸርችል ጎዳና፣ እየቆምን እየተነፈስን፣
አንድ ሳንቡሳ ለሁለት፣ ጣታችንን በሶፍት እያበስን፣
ፒያሳ ደረስን። «እዚህ ጋ ነው» አለኝ። ምን?
ሰፊ ንጣፍ ድንጋይ፣ ሣር፣ የፋኖስ ረድፍ ብቻ አየን።
እሱ ግን በእርምጃው መለካት ጀመረ፣ ከንፈሩ እየቆጠረ፦
«አንድ… ሁለት… ዘጠኝ። ይሄ በራችን ነበረ።
ጎንበስ በይ፣ ጉበኑ ይመታሻል።» ሰው እያየኝ ጎንበስ አልኩ።
«ይሄ የጋራ ቧንቧ። እዚህ ጋ ከብስክሌት ወደቅኩ።
ይሄ አልጋችን፣ አምስት ሆነን የተኛንበት።»
አልጋው ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ተቀመጥንበት።
ከእናቱ ጓዳ መሐል ሁለት ጎረምሶች ቆመው
ሴልፊ ይነሳሉ፣ ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው።
ዞር በሉልን ልል ስነሳ፣ እጄን ያዘኝ።
«ተያቸው፤ እናቴ እንግዳ ትወዳለች» አለኝ።

አላለቀሰም። መሸት ሲል፣ ፋኖሶቹ ሲበሩ፣ ወጣን፤
ከዚያ ከሌለው ጉበን ሥር ስደርስ
ማንም ሳይነግረኝ
ጎንበስ አልኩ።

ማታ፣ የሆቴሉ ጣውላ ሲንቋቋ፣ ጥላችን ግድግዳው ላይ ሲጠብ ሲሰፋ፣
አንድ ነገር ነዘረ። ሁለታችንም ወደየስልካችን ዘለልን፤ መሐላው እዚያው ጠፋ።
«ማሚ፣ የሒሳብ ደብተሬን የት አደረግሽው?»
«ከቦርሳሽ የፊት ኪስ» አልን በአንድ አፍ፤ ከዚያ ሳቅ ነው፣
ጎረቤት ክፍል ግድግዳ እስኪደበድብ።

እሑድ፣ ረዳቱ «አያት! አያት! ሁለት ሰው!» እያለ ሲጣራ፣
የማላውቀው አገር መሰለኝ፣ በአውሮፕላን የሚኬድ፣ በተራራ።

ፖስትካርዱ ይኸው ዘጠኝ ቀኑ።
ከላክንበት መስኮት እስከ ሣጥኑ
ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።
ማታ ማታ፣ ደምመላሽ ጫማውን ሲያወልቅ እጠይቀዋለሁ፦
«ጻፉልን?»
«ገና ናቸው» ይለኛል፣ ካልሲውን እያራገፈ፤
«ተመችቷቸው ይሆናል።»