ያጠፋው ማነው?

ሃል ከተማ፣ ወደቡ ዳር፣ የሠራተኛ ክርክር ችሎት፤
ኤፉዋ አንክራ ተቀምጣለች፣ ኮቷ ከዝናቡ ሳይደርቅላት።

«አላደላንም» ይላል የክሬን ድርጅቱ ጠበቃ፤
«ከአርባ ሰባት አመልካች ለቃለ መጠይቅ የታጨ አምስት ነው፤ በቃ።
የእሷ ነጥብ አልደረሰም።»
እሷ አትሟገትም፤ አታለቅስም።
ስምንት ወር ደብዳቤ ጽፋ ያስወጣችውን ቅጽ ሰጠች፤
ዳኛዋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየች።

ከአራቱ ሥር፣ በእርሳስ፣ የተፋቀ ዘጠኝ አለ፤
ላጲስ ጥቁሩን ቢያስወጣም፣ ስርጉዱ ግን እዚያው ዋለ።

«ይህ የተፋቀው ስሟ ሳይነበብ ነው? ወይስ ኋላ?»
አለች ዳኛዋ፣ ድምጿ ሳይላላ፤
«ያጠፋው ማነው?»

ሦስቱ መራጮች ተያዩ።
አንዱ፣ ሳይታወቀው፣ የኮቱን ኪስ ዳበሰው።