ያልፈነዳው ቧንቧ

ጥር ነው፣ ዊኒፔግ፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት።
ሳርጀንት ጎዳና ላይ ዋናው ቧንቧ ፈንድቶ
ስቆፍር አደርኩኝ፣ ከአስፋልቱ ሥር፣ በባትሪ መብራት።
ቤቴ ስገባ ነጋ፤
ትርንጎ በባዶ እግሯ ሚዛኑ ላይ ቆማ
«ስልሳ አራት» አለችኝ።
ትናንት ስልሳ አንድ ነበር፤ ሐሙስ ሃምሳ ዘጠኝ።
ማቀዝቀዣው በር ላይ በለጠፍነው ወረቀት
በእርሳስ አሰፈርኩት፣
ጽፌም አላመንኩት።

«ጠማኝ» አለች ደግሞ።
ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣
የሹራቧ ቁልፍ አልደርስ ብሎ፣
ከንፈሯ ግን እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቆ።
ውሃ የሞላው ሰው እንዴት ውሃ ይጠማዋል?

ሐኪሙ ወረቀት ላይ አንድ ቧንቧ ሣለ።
«አልፈነዳም» አለ።
«እንቁላሉ እንዲበስል በወጋናት መርፌ
እጢዎቿ አበጡ፤
ለደም ሥሮቿ ሁሉ ‹በር ክፈቱ› ብለው ላኩ።
ግድግዳው ላላ። ውሃው ወጣ፣
ደሙ ቀረ፣ ወፈረ፣ አዘገመ።
ሆዷ የተጥለቀለቀው ሥሮቿ ተጠምተው ነው።»

እኔ የማውቀው ቧንቧ ወይ ይይዛል ወይ ይፈነዳል፤
ዝገቱን፣ ስንጥቁን ጣቴ ያገኘዋል።
ይሄኛው ግን ሕያው ነው፤ የጠሩት መስሎት ከፈተ፣
ለልጅ መንገድ ልጥረግ ብሎ።
ማን ይቆጣዋል?

ለውዝ ያህል የነበረው እጢ በአልትራሳውንዱ መስኮት
ትርንጎ አክሎ ታየን።
«ስሜን ሆነ» አለች፤
ሳቀች፣ ሳቁ ጎኗን ወጋት።
እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሄ ነው ለካ ብዬ
ፊቴን ወደ ግድግዳው መለስኩ።

ሐኪሙ ወጋ፣ ነርሷ ማሪቴስ ጠርሙስ ያዘች፤
ሦስት ሊትር ወረደ፣ ብርዝ የመሰለ።
ማታ ማታ ደግሞ ደም ማቅጠኛ መርፌ።
ባቷን በመዳፌ እየለካሁ፣
«እዚህ ጋ ያምሻል? ይሞቃል?» እያልኩ
ውሃ ቀጠነ ብላ የምትቆጣኝን ሴት
እንድትቆጣኝ ለመንኩ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል ነው ያደግኩት።
በዘጠነኛው ሌሊት ትርንጎ ሽንት ቤት ሄደች፣
ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች፣
እስኪነጋ አምስት ጊዜ።
የላላው ግድግዳ፣ ማንም ሳይቆፍር፣ ማንም ሳይበይድ፣
የፈሰሰውን በጠብታ በጠብታ አፈሰው።
ስልሳ ሁለት። ስልሳ።
ሃምሳ ስምንት ተኩል ያልኩ ቀን እርሳሱ ተሰበረ።

ልጅ? ገና ነው።
ስድስት ናቸው፤ ፖርቴጅ ጎዳና ባለው ክሊኒክ
ከዚህ ከተማ ብርድ በከፋ ብርድ ቆመዋል።
በረዶ ቧንቧ እንደሚያፈነዳ አውቃለሁ፤
በረዶ ልጅ እንደሚያቆይ ገና እየተማርኩ ነው።

ዛሬ ማታ ስልኬ ጮኸ፦ ሌላ ጎዳና፣ ሌላ ቧንቧ።
ጫማዬን ሳስር «ውሃ ስጠኝ» አለችኝ።
ሰጠኋት።
ግማሹን ጠጥታ
ግማሹን አስተረፈችልኝ።