ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር

ኪርያት ጋት፣ ነሐሴ፣ ከሕንጻችን ጓሮ፣
አሮጌው ሱባሩ ያስላል ጥቁር ጭስ ቋጥሮ።
«ሦስት መቶ ሼቄል» አለኝ ጋራዡ፣ ገና ኮፈን ሳይከፍት፤
«ደግሞም ለኮምፒውተሬ አርጅቷል፣ ሶኬቱ አይገባለት።»

ራሴ ሠራሁት።
ከልጄ ስባሪ መጫወቻ ቀይ አምፖል ፈታሁ፣
ፎቅ ላይ ካለው ከግሪሻ አንዲት ሬዚስተር ለመንሁ፣
ሽቦ በጥርሴ ላጥሁ፣
በሰርዲን ቆርቆሮ ከተትሁት።

ከመሪው ሥር ተጣምሜ ጫፍ ከጫፍ ሳገናኝ
ሞሪያ ቁልፉን አዞረች።
በራ።
ጠፋ።
እሷ በዕብራይስጥ፣ እኔ በአማርኛ ቆጠርን፤
ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር።
ደግሞ፣ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር።
በሁለታችንም አፍ ሃያ አንድ።

መጽሐፉን ገለጥሁ፦
የውሃውን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ሞቷል፤
ሞተሩ እየነደደ፣ «ብርድ ነው» እየተባለ፣
ቤንዚን ያለ ልክ ሲጨልጥ ከረመ፣ ዋለ።

ሞሪያ ቀና አለች ወደ ሰገነቱ።
አባቴ በዚህ ሐሩር፣ ካፖርቱን ቆልፎ እስከ አንገቱ፣
ከአውሮፕላን በወረደበት ሌሊት የሰጡትን፣
ክረምት ከበጋ ያላወለቀውን።
አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ።

ሴንሰሩን ነገ እለውጣለሁ፣ አርባ ሼቄል ቢሆን ነው።
ቆርቆሮዬን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ፣ ከጎኑ ተቀመጥሁ።
«ምንድን ነው እሱ?»
«መኪናውን ምን እንዳመመው መጠየቂያ።»
«እና ምን አለህ?»
«በርዶኛል አለኝ።»
«እውነቱን ነው» አለ አባቴ፣
ኮሌታውን እየሰበሰበ።